በእጅጌው ጀርባ ሦስት ጥርስ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ብርድ። ነፋሱ የመቁረጫ ክፍሉን መስኮት ሲደበድብ ዋለ። የነበርነው እኔ፣ ቁልፍ የምትተክለው ሬዲዮ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ኮምፒውተሩን ይዞ የመጣው ሰውዬ። ሬዲዮ የምንላት ስለማትዘጋ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እንደቆመ ነገረን። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ፓተርን፣ የልብሱ ንድፍ፣ በወረቀትና በእርሳስ አይወጣም። ኮምፒውተር ላይ ይሳላል፣ ማሽን ያትመዋል። ኅዳር 8 ቀን ፈተና አለ። ያለፈ ይቆያል።

"ያላለፈስ?" አለች ሬዲዮ።

"እሱን ያኔ እናያለን።"

እዚህ ቤት ፓተርን የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ። ያለፈ የተባለውም ያላለፈ የተባለውም እኔ ነኝ።

የነርስ ጋዋን እጅጌ ቆርጬ ጨረስኩ። ቤት ገባሁ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ሥራ በዛ። ኮምፒውተሩን አበሩት። ማየት ብቻ። አልነካሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ጨርቅ ልወስድ መጋዘን ስገባ ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ከኮምፒውተረኛው ጋር ያወራ ነበር። መደበቄ አይደለም፤ ከጥቅሉ ጀርባ ነበርኩ።

"እሳቸው ጎበዝ ናቸው፤ እጃቸው አይሳሳትም። ግን ወረቀት ናቸው" አለ።

"ይማሩ ይሆናል እኮ።"

"በዚህ ዕድሜ? እስቲ።"

ጥቅሉን ተሸክሜ በሌላው በር ወጣሁ። ለሬዲዮ ነገርኳት፤ መንገር አልነበረብኝም። ከሰዓት በኋላ "እትዬ ወረቀት፣ መቀስ አቀብይኝ" ትለኝ ጀመር። ሳቅኩ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ሬዲዮ ስልኬን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ይሄ እኮ ትምህርት ቤት ነው፤ አንቺ ሰዓት ማያ አደረግሽው" አለች። ኢንተርኔት ከፍታ "ፓተርን በኮምፒውተር" ብላ ጻፈች። የቪዲዮ ብዛት! ሁሉም በነጻ። አብዛኛው በማላውቀው ቋንቋ ነው፤ ግን እጅ ቋንቋ የለውም። መስመር እንዴት እንደሚሰመር ሳላዳምጥ ገባኝ። የፊደል ሰሌዳ መልመጃም አገኘችልኝ። ጣትሽን እዚህ አድርጊ፣ አሁን ይችን ንኪ ይላል። ስሳሳት አይቆጣም።

እስከዛሬ የተማርኩት ከተጣለ ነገር ነው። ፊደል ከወንድሜ አሮጌ ደብተር። ፓተርን ደግሞ ሳሙና ከተጠቀለለበት አንድ ወረቀት፤ ከመጽሐፍ የተገነጠለ የእጅጌ ሥዕል ነበረበት። ይህን ማስታወሻ ደብተር የሰፋሁትም ከፓተርን ወረቀት ቁርጥራጭ ነው። ከኅዳር በኋላ ቁርጥራጭ አይኖርም።

እሑድ፣ ጥቅምት 12

ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ መስኮት ዳር ተቀምጦ የሚያልፉትን ሹፌሮች ይሳደባል።

"ስማው! ማርሹን አስለቀሰው። ይሄ ፍየልም አይነዳ።"

"ልክ ነህ" አልኩት።

"ምንድን ነው ስልክ ላይ የተተከልሽው?"

"ሥራ ነው።"

"መርፌም በስልክ ሆነ እንግዲህ" አለ። ሌላ አውቶቡስ አለፈ።

ልጃችን ከዚህ ቤት ከወጣች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። ስሟ እዚህ ቤት አይጠራም። እሱ ነው ያለው። እኔ ግን አይሆንም አላልኩም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

በእኛ ቋንቋ የሚያስተምር አገኘሁ። በምሳ ሰዓት፣ ማሽኖቹ እየጮሁ፣ ያለ ድምፅ አየሁት። ሠላሳ ያህል ትምህርት አለው። መምህርቷ ፊቷን አታሳይም፤ እጆቿ ብቻ ናቸው የሚታዩት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ትቆርጣለች፣ ከዚያ ያንኑ ኮምፒውተሩ ላይ ትስላለች። ለእኔ ዓይነቱ የተሠራ ነው።

እጅጌ ቆረጠች። የእጅጌ ጠርዝ ላይ በመቀስ ጫፍ የምትነከስ ትንሽ ምልክት አለች፤ እኛ ጥርስ እንላታለን። ልብስ ሰፊዋ የትኛው ፊት የትኛው ጀርባ እንደሆነ የምታውቀው በእሷ ነው። በፊቱ አንድ፣ በጀርባው ሁለት፤ የዓለም ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚቆርጠው። እኔ በጀርባው ሦስት እቆርጣለሁ። ያን የሳሙና ወረቀት አይጥ ነክሶት ኖሮ የአይጡን ንክሻ ከሁለቱ ጋር ቆጠርኩት። ስህተት መሆኑን ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ እጄ ግን ለምዶ ቀረ። እዚህ ሰፊዎቹም ለመዱት።

መምህርቷ በጀርባው ሦስት ቆረጠች።

ቪዲዮውን አቆምኩት። የቀረውን ዳቦ በላሁ። ከሰዓት በኋላ አርባ ኮሌታ ወጣ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ከሥራ ስወጣ ማዳመጫ ገዛሁ። ሁለቱም ጆሮ ውስጥ የሚገባ፣ ወደ ውጭ ድምፅ የማያወጣ።

ድምፅዋ ትንሽ ወፈር ብሏል። ጉንፋን ይሆናል። ግራ አውራ ጣቷ ላይ ያለው የካውያ ጠባሳ ደብዝዟል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

አራተኛው ትምህርት። የደረት መስመር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

አምስተኛው፣ ስድስተኛው። ኮምፒውተረኛው በምሳ ሰዓት እንድለማመድ ፈቀደልኝ። "እናት፣ ማውሱን አይነቁት፤ አያመልጥዎትም" አለኝ። ጣቴን አላላሁ። መስመሩ ቀና።

ሬዲዮ መጥታ ቆመች። "ማን እንዲህ አስተማረሽ?"

"አንዲት መምህርት።"

"የታደለች እናቷ" አለች። ወደ ቁልፏ ሄደች።

እሑድ፣ ጥቅምት 19

ባለቤቴ ተኝቷል። ጊዜ ስላለኝ ልጻፈው።

ልጃችን ነርስነት እየተማረች ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ መቀስ ልይዝ ነው አለች። አባቷ ቆሞ ነበር፣ ያኔ ጉልበቱ ደህና ነው። "ልጄ መርፌ ለቃሚ አትሆንም። እዚህ ቤት አንድ መርፌ ለቃሚ ይበቃል" አለ። እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ጠረጴዛው ላይ እጅጌ እየቆረጥኩ ነበር። "እማ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለች። የተሰደበው የእኔ ሥራ ነበር። አፌን መክፈት ነበረብኝ። መቀሱን እንኳ አላስቀመጥኩም። ኩርባው ላይ ነበርኩ፤ ኩርባ ላይ ከቆሙ ጨርቁ ይሰበራል ብዬ ነው።

ኩርባውን ስጨርስ በሩ ተዘግቶ ነበር።

ሌላኛውን እጅጌም ቆረጥኩ። ሰው ሁሉ ዝምታ ወርቅ ነው ይላል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ሬዲዮ ሌላ ነገር አሳየችኝ። የሙያተኞች መገናኛ የሚሉት ገጽ ነው። ሥራሽን ትጽፊያለሽ፣ በየአገሩ ያሉ የሙያሽ ሰዎች ያዩሻል፣ ይጠይቁሻል፣ ሥራም ይገኛል። የጎረቤቷ እህት በዚያ ነው የተቀጠረችው። "ከዚህ ቢያስወጡሽ እንኳ ሜዳ ላይ አትቀሪም" አለች። "ሰው በሰው ነው እትዬ፤ አሁን ሰው እዚህ ውስጥ ገብቷል።"

ስም የሚል ቦታ አለ። "ወረቀት" ብዬ ጻፍኩ።

ፎቶ አለ። መቀሴን አነሳሁት፤ እጀታው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የተጠመጠመበት ነው። ጠምጥማ የሰጠችኝ ልጄ ናት፤ ብረቱ ጣቴን ሲልጠው አይታ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች።

ትምህርት የሚለውን ባዶ ተውኩት።

የሥራ ልምድ፤ ከመቼ እስከ መቼ። ከመቼ የሚለውን ሞላሁ። እስከ መቼ የሚለውን እስከ ኅዳር 8 ልበል? ዝም ብዬ አለፍኩት። ገጹ ራሱ "እስካሁን" ብሎ ጻፈበት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ገጹ ላይ አንድ የማላውቀው ልብስ ሰፊ ኮሌታው ለምን እንደሚቆምበት ጠየቀኝ። የውስጠኛውን ኮሌታ ጥቂት አሳንስ ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ የተኛ ኮሌታ ፎቶ ላከልኝ። ከዚያ ሌሎችም መጡ። በሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ሙያዋን እንመሰክራለን የሚለውን ተጭነዋል። ፊታቸውን አላውቀውም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

መምህርቷም እዚያ ገጽ አላት። በሁለተኛው ቀን ነው ያየሁት። አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የፓተርን ክፍል ኃላፊ ናት፤ ከዚህ ሩቅ ነው። የተማረችበት ቦታ የሚለው ላይ "ቤት ውስጥ" ይላል።

ስልኩን ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጀርባ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ዱቄት አይነካም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 29

አበላሸሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 30

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ኮምፒውተረኛው በራሴ የሳልኩትን ጋዋን በእውነተኛ ትእዛዝ እንሞክረው አለ። ሳልኩ። ማሽኑ አተመ። ሠላሳ ጋዋን ተቆርጦ ተሰፋ። ሠላሳውም ከልክ በላይ ሰፊ።

ሬዲዮ አንዱን ለብሳ መሀል ክፍል ቆመች። "እኔና ባሌ አብረን እንገባበታለን፤ ባል ባገኝ" አለች። ሰዉ ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። "እናት፣ ይሄ ጋዋን ነው ወይስ ድንኳን?" አለ።

ጋዋኑን ተቀብዬ መለካት ጀመርኩ። ያው ልማዴ።

ስህተቴ የት ላይ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ፈለግሁ፣ አጣሁት። ስፋቱን ደግሜ ደጋግሜ ለካሁ። ልኬቱ ልክ ነው። ልብሱ ልክ አይደለም። ፈተናው ስምንት ቀን ቀረው።

ከትምህርቶቹ ሥር ጥያቄ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሦስት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። መጨረሻ የላክሁት ይሄን ነው፦

"መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። ከትምህርትዎ ብዙ ተጠቅሜያለሁ። የሳልኩት ሁሉ ከልኬቱ ሰፍቶ ይወጣል። በወረቀት ስሠራ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ምን እያጠፋሁ ይሆን? ካስቸገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወረቀት ነኝ።"

እርስዎ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 1

መልስ የለም። የተበላሸው ጋዋን ተፈቶ እየጠበበ ነው። እኔም እፈታለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

የለም።

ባለቤቴ፦ "ምነው ዛሬ ወጡ ላይ ጨው ረሳሽ?"

"ረሳሁ።"

"ሁለተኛሽ ነው። ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

አየኝ፤ ቆየት ብሎም ወደ መስኮቱ ዞረ። አሁን አሁን ሲናገር ድምፁ ያረጀ ይመስለኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 4

አዲስ ትምህርት ወጥቷል። ርእሱ "ትርፍ ላይ ትርፍ" ይላል። በእግሬ እየሄድኩ በማዳመጫ ሰማሁት፤ ከአውቶቡስ ፌርማታው አልፌ ሄጃለሁ።

"አንዲት ተማሪ ጥያቄ ልካልኛለች" ብላ ጀመረች። ድምፁ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። እጆቿ ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም።

"ይሄን ስህተት ጀማሪ አይሠራውም" አለች። "ጀማሪ የስፌት ትርፍ መተው አያውቅም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ሲጨምርለት ልክ ይመጣል። የሚሳሳተው ዕድሜውን በእጁ የቆረጠ ሰው ነው። ትርፉን ሳይለካ፣ ሳያስበው፣ በዓይኑ ይተዋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ይጨምራል። ስለዚህ ተማሪዬ አላጠፋችም። ከሚገባው በላይ ነው ያወቀችው።"

የትኛውን ቁልፍ መንካት እንዳለብኝ አሳየች። በዝግታ። ሁለት ጊዜ። ሌሎቹን ትምህርቶች አንዴ ብቻ ነው የምታሳየው።

መጨረሻ ላይ እንዲህ አለች፦ "ልጅ ሆኜ ለምን ይሄን ሁሉ ጨርቅ ታባክኛለሽ ብዬ የጠየቅኋት ሴት ነበረች። ትርፍ ካልተውሽ ልብሱ ሲጠብ የሚፈታ ነገር አይኖርም አለችኝ። በሉ፣ ደህና ዋሉ።"

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። ብዬ ይሆናል።

ሥራ አሥራ አምስት ደቂቃ አርፍጄ ገባሁ። በሃያ ሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ቁልፉን ነካሁ። ጋዋኑ ልክ ወጣ። ሬዲዮ ለብሳው "አሁን ለብቻዬ ነው የምገባው፤ ያሳዝናል" አለች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ልምምድ። ዓይኔ ደክሟል።

ዓርብ፣ ኅዳር 8

ነፋሱ ቆሟል። ለፈተናው የተገኙት ሥራ አስኪያጁና ኮምፒውተረኛው። ሬዲዮ በር ላይ ቁልፍ የምትለቅም መስላ ቆማለች።

ሙሉ ጋዋን ይሳሉ አሉኝ። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ኮሌታውን ሳልኩ። ትርፉን ለኮምፒውተሩ ተውኩለት። እጅጌው ላይ ስደርስ በፊቱ አንድ ጥርስ፣ በጀርባው ሦስት አደረግሁ። ኮምፒውተረኛው ጎንበስ ብሎ አየ።

"ሦስተኛዋ ምንድን ናት፣ እናት? ስህተት ናት?"

"ስህተት ናት" አልኩ።

"እሺ፣ እናጥፋት።"

"አትጥፋ።"

ሥራ አስኪያጁ ቀና አለ። ድምፄን የሰማው አዲስ ሆኖበት ሳይሆን አይቀርም።

"የእጄ ምልክት ናት" አልኩ። "ሰፊዎቹም በእሷ ነው የሚያውቁት። ልብሱን አትጎዳውም። ትቆይ።"

"ትቆይ" አለ። ከዚያ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። "እርስዎም ይቆዩ እንግዲህ።"

ሬዲዮ የያዘችውን ቁልፍ ሁሉ መሬት በተነችው። አቅፋ ሳመችኝ። ደስ አለኝ ብዬ ልጽፍ ነበር። እጄ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያንን ነው የማስታውሰው።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን "ፈተና አለፍኩ" አልኩት።

"የምን ፈተና?"

"ከሥራ እንዳልወጣ።"

"ልትወጪ ነበር?" አለ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

እራት አቀረብኩለት።

ወደ ጓዳ ገብቼ ገጹን ከፈትኩ። የመምህርቷን ስም፣ ከሥሩም "ከሙያ ባልደረቦችዎ ጋር ይጨምሯት" የሚለውን ነካሁ። ገጹ ጠየቀኝ፦ ይህችን ሰው እንዴት ያውቋታል? ምርጫ ሰጠኝ። አብረን ሠርተናል። አብረን ተምረናል። ደንበኛዬ ናት። አላውቃትም። ሌላ ምርጫ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ።

ልጅ ሳለች ስቆርጥ የወረቀቱን ጫፍ ትይዝልኝ ነበር። አብረን ሠርተናል ብል ውሸት አይሆንም። እሱን ነካሁ።

ከመቼ? ጠረጴዛው ላይ መድረስ የጀመረችበትን ዓመት ሞላሁ።

እስከ መቼ? ምንም አልጻፍኩበትም።

ላክሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ይህን የምጽፈው ሥራ ቦታ፣ በዕረፍት ሰዓት ነው። ጠዋት ያደረግሁት እንዲህ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ውሃ ጣድኩ። ስልኩን ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጀርባ አወጣሁ። ጥያቄዬን ተቀብላዋለች። ከስሟ አጠገብ "አብረው ሠርተዋል፣ እስካሁን" ይላል። ከሥሩ መልእክት አለ። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

"እማ፣ መቀስሽን ፎቶው ላይ አየሁት። ጨርቁ አርጅቷል፣ ቀይሪው። ጥርሱ ሁለት እንደሆነ ሥራ በገባሁ በሳምንቴ ነገሩኝ። ሁለት ለመቁረጥ ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አባባ እንዴት ነው?"

ሁለቴ አነበብኩት። ውሃው ፈላ። ሻይ ጣልኩበት። ሁለት ኩባያ ቀዳሁ፣ ዳቦ ቆረጥኩ። ባለቤቴ እያነከሰ መጥቶ መስኮቱ ዳር ተቀመጠ። ሻዩን ሰጠሁት።

ማዳመጫውን ስልኩ ላይ ሰካሁ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ነቀልኩት። ጠቅልዬ የጋዋኔ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ስልኩን በሻዩና በዳቦው መሀል አስቀመጥኩ። የእጅጌውን ትምህርት ከፈትኩ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግሁ።

"እንደምን ናችሁ፣ ዛሬ እጅጌ እንቆርጣለን" አለች።

በመስኮቱ ሥር አውቶቡስ አለፈ። ማርሹን አስለቀሰው። ባለቤቴ አልተሳደበም።

"አባባ እንዴት ነው ብላለች" አልኩት።

ኩባያውን ይዞ ቀረ። አልጠጣም፣ አላስቀመጠምም። ትምህርቱ አሥራ አራት ደቂቃ ነው። እስከ ስድስተኛው ደቂቃ ድረስ አጠገቡ ቆምኩ። ሥራ እንዳይረፍድብኝ ኮቴን ለበስኩ። ስልኩን እዚያው ተውኩለት። በሩን ስዘጋ ገና የእጅጌው ጀርባ ላይ አልደረሰችም ነበር።